ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ይሰባል ወይ? ተማሪዬ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ

መምህሩ ከደብረ ብርሃን — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ ስለ ስብ ሳስተምር፣ ሰውነት የተረፈውን ምግብ ወደ ስብ ለውጦ ከቆዳ ሥርና በሆድ ዕቃ ዙሪያ ያስቀምጠዋል አልሁና ሰሌዳው ላይ አንድ የሰባ በሬ ሳልሁ። (ሥዕል አልችልም፤ ልጆቹ ጉማሬ መስሏቸዋል።) ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ቆዳም ሆድም የሌለው፣ ሁለመናው አንድ ሕዋስ የሆነ ነገርስ ይሰባል?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና «በሚቀጥለው ሳምንት እመልስልሃለሁ» ብዬ አለፍሁት።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም። መጽሐፋችን ስለ አሜባና ስለ ፓራሚሲየም ሲያወራ የስብን ነገር አያነሣም። እርሾ ይሰባል? ባክቴሪያስ? ከሰቡስ ስቡን የት ያኖሩታል? የሚያውቅ ሰው ካለ በሚገባ አማርኛ ያስረዳኝ። ሐሙስ ልጁ ፊት እቆማለሁ።

እርሾ ጠባቂ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

መምህር፣ አደራዎን በዚያ ልጅ አይሳቁበት። እኔ ስዊድን አገር ስብ የሚያጠራቅሙ እርሾዎችን ሳሳድግ ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ እንጀራዬን የምበላው ከልጁ ጥያቄ ነው።

አዎ፣ ይሰባሉ። አንዳንዱማ በሬዎን ያሳፍራል። ሮዶቶሩላ ቶሩሎይደስ የሚባለው ሮዝ ቀለም ያለው እርሾ ደርቆ ሲመዘን ከክብደቱ ግማሽ በላይ ስብ ሊሆን ይችላል። በሙያችን ከደረቅ ክብደቱ 20 ከመቶ በላይ ስብ የሚይዘውን «ዘይታም» እንለዋለን። ሊፖማይሲስ ስታርኬዪና ያሮዊያ ሊፖሊቲካም ከዚሁ ወገን ናቸው። የዳቦ እርሾ ግን እዚህ ማዕረግ አይደርስም፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የማየውን ልንገርዎ። አንዱን እርሾ ስኳር በበዛበት ውሃ ዘርቼ በሚወዛወዝ ብልቃጥ አሳድገዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ጠብታ ወስጄ በማይክሮስኮፕ ሳየው ሕዋሱ ውስጡ ደብዛዛ ነው፤ እምቡጥ ያወጣል፣ ይባዛል፣ የተለየ ነገር አይታይበትም። በአምስተኛው ቀን ስመለስ ሌላ ፍጥረት ይመስላል። መባዛቱን ትቷል። በሆዱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የሚያብረቀርቁ ክቦች ተቀምጠዋል፤ ሽሮ ወጥ ላይ የሚንሳፈፈውን የቅቤ ዐይን ያስቡት። ክቡ እያደገ ሕዋሱን ሲሞላው ሌላው ዕቃ ሁሉ ወደ ጥግ ተገፍቶ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። ናይል ሬድ የተባለውን ማቅለሚያ ጠብ አድርጌ በፍሎረሰንስ ብርሃን ሳየው ክቡ ወርቅ መስሎ ያበራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ እርሾው የሰባው ስለጠገበ አይደለም። ሁሉ ነገር የሞላለት እርሾ ይባዛል እንጂ አይሰባም። የሚሰባው ስኳሩ ተርፎ ናይትሮጅኑ ሲያልቅበት ነው። አዲስ ሕዋስ ለመውለድ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ያለ ናይትሮጅን አይሠሩም። ስብ ግን ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ብቻ ነው። ስለዚህ ናይትሮጅን ያጣ እርሾ በእጁ ካለው ነገር ሊሠራ የሚችለው ስብ ነው። እኔም በሥራዬ የማደርገው ተንኮል ይኸው ነው፤ ስኳሩን አትረፍርፌ እሰጠዋለሁ፣ ናይትሮጅን የሚያገኝበትን አሞኒየም ግን እሰስትበታለሁ።

ጾመኛው — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ታዲያ እኔ ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር በሽሮና በፓስታ የምወፍረው የናይትሮጅን እጥረት ይዞኝ ኖሯል!

እርሾ ጠባቂ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ጾመኛው፣ ለቀልድ ያህል ከእውነቱ አልራቅህም፤ ካርቦኑ በዝቶ ፕሮቲኑ ሲያንስ የሚለው ሥዕል ይመሳሰላል። ነገር ግን የአንተ ሰውነት የሚወፍረው ኃይል ስለተረፈው ነው። ሽሮም ከአተርና ከባቄላ የተፈጨ ነውና ፕሮቲን የለውም ብለህ አትማው። ፓስታውን ቀንስ።

መምህሩ ከደብረ ብርሃን — ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጆቼ ግን «ስኳር እንዴት ስብ ይሆናል?» ብለው እንደሚያፋጥጡኝ አውቃለሁ። እባክዎ ከውስጥ ምን እንደሚሆን ይንገሩኝ። ደግሞስ ዘይት በውሃ በተሞላ ሕዋስ ውስጥ እንዴት ሳይበተን በክብ ይቀመጣል?

እርሾ ጠባቂ — ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡40

እሺ፣ ምሳዬን እየበላሁ ልጻፍልዎ፤ ረዘም ይላል።

ናይትሮጅን ሲጠፋ ሕዋሱ መጀመሪያ የራሱን ዕቃ ይፈታል። ኤኤምፒ ከሚባለው ሞለኪውል ላይ አሞኒያ የሚነቅለው ኢንዛይም ይበረታበታል። በክረምት እንጨት ያለቀበት ሰው የአልጋውን እግር ፈልጦ እንደሚያነድ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የስኳሩን ስብርባሪ አቃጥሎ ኃይል የሚያወጣው ዑደት ያንኑ ኤኤምፒ ይፈልገው ነበር። በእነዚህ ዘይታም እርሾዎች ውስጥ አይሶሲትሬት ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ያለ ኤኤምፒ እጁን አያነሣም። ዑደቱ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ስኳሩ ግን መግባቱን አላቆመም። ሲትሬት የሚባለው የዑደቱ ውጤት ይጠራቀማል፣ ሞልቶም ከማይቶኮንድሪያው ይወጣል። በደጅ ኤቲፒ ሲትሬት ላይኤዝ የሚባል ኢንዛይም ተቀብሎ ለሁለት ይሰነጥቀውና አሴቲል ኮኤ የተባለውን ባለ ሁለት ካርቦን ቁራጭ ያወጣል። ስብ የሚገመደው ከዚህ ቁራጭ ነው። ሁለት ሁለት ካርቦን እየተቀጠለ 16 ወይም 18 ካርቦን ያለው ሰንሰለት ይደርሳል። ባለ 16 ካርቦኑ ፓልሚቴት ብቻ 8 ቁራጭ፣ 7 ኤቲፒና 14 ኤንኤዲፒኤች የተባሉ ኃይል አቀባይ ሞለኪውሎች ይበላል። ስብ ርካሽ ዕቃ አይደለም።

ሦስቱ ሰንሰለት በአንድ ግሊሰሮል ላይ ሲሰቀል ትራይግሊሰራይድ ይባላል። በኑግ ዘይትም፣ በበሬ ጮማም፣ በእርሾዬም ያለው ይኸው ነው። ልዩነቱ የሰንሰለቶቹ ዓይነት ነው። የእነዚህ እርሾዎች ዘይት ኦሌይክና ፓልሚቲክ አሲድ ስለሚበዛበት ከኑግ ይልቅ ፓልም ዘይትን ይመስላል።

አሁን የዳቦ እርሾን ነገር ልመልስ። እርሱ ያንን ሲትሬት የሚሰነጥቅ ኢንዛይም የለውም። ስኳር ሲተርፈውም ሌላ ዘዴ አለው፤ ወደ አልኮል ለውጦ ወደ ውጭ ይደፋዋል። የጠጃችን ምስጢር የእርሱ ማባከን ነው። ሮዶቶሩላ ግን ኦክስጅን እያለው አልኮል አይሠራም፤ የተረፈውን በጎተራ ይከታል። ሁለቱም ትርፍ ስኳር አገኙ፤ አንዱ ጠጅ ጠመቀ፣ ሌላው ሰባ።

ስለ አቀማመጡ ደግሞ ነጠላ ለብሰው ከሆነ ጫፏን ይያዙ። ነጠላ ሁለት ድርብ ናት አይደል? ኤንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚባለው የሕዋሱ ሽፋንም እንዲሁ ሁለት ድርብ ነው፤ የውጭ ፊታቸው ውሃ ይወዳል፣ በመካከላቸው ያለው ክፍል ውሃ ይጠላል። ትራይግሊሰራይድ የሚሠሩት ኢንዛይሞች እዚያው ሽፋኑ ላይ ስለተቀመጡ ዘይቱ የሚፈሰው በሁለቱ ድርብ መካከል ነው። ሲበዛ ያብጣል፣ ይኮሳል፣ በመጨረሻ አንዱን ድርብ ለብሶ ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ ብቅ ይላል። ስለዚህ የስብ ነጠብጣቡ ልብሱ አንድ ድርብ ብቻ ነው። ሌሎቹ የሕዋሱ ከረጢቶች ድርብ ሲለብሱ እርሱ ነጠላው የምር ነጠላ የሆነ ብቸኛው ነው ብል አልተሳሳትሁም።

በዚያ በሚያብጥበት ቦታ ላይ ሴይፒን የሚባል ፕሮቲን ቀለበት ሠርቶ ይቆማል። ይህ ፕሮቲን መጀመሪያ የታወቀው በሰው በሽታ ነው፤ ጂኑ የተበላሸባቸው ሰዎች ከቆዳቸው ሥር ስብ ማኖር ያቅታቸዋል። የዚሁ ጂን አቻ ከዳቦ እርሾ ላይ ሲወገድ ነጠብጣቦቹ ሥርዓት ያጣሉ፤ አንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ጥቃቅን ሆነው ይከመራሉ፣ በሌላው አንዱ አለልክ ያብጣል። እኛና እርሾ ስብ የምናኖርበት ጥበብ ምን ያህል ከአንድ ምንጭ እንደተቀዳ ይህ ብቻ ይበቃል።

ስላይድ አንባቢዋ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

መምህር፣ እኔ በጤና ተቋም ላቦራቶሪ የአክታ ምርመራ እሠራለሁ። ስለ ባክቴሪያ ጠይቀው ነበር፤ እኔ በየቀኑ የማየው ባክቴሪያ የስብ ጌታ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በስላይድ ላይ የሚታወቀው በቅባቱ ነው። ካርቦል ፉክሲን የተባለውን ቀይ ማቅለሚያ አፍስሼ ከሥር በእሳት አሞቀዋለሁ፣ ከዚያ በአሲድ አልኮል አጥበዋለሁ። ሌላው ሁሉ ቀለሙን ሲለቅ እርሱ አይለቅም፤ የግድግዳው ቅባት፣ ማይኮሊክ አሲድ ይባላል፣ ቀለሙን አንቆ ይይዘዋል። በሰማያዊ ሜዳ ላይ ቀይ ጭራሮ የሚመስል ነገር ሲታየኝ ልቤ ይወርዳል። ግን ያ የግድግዳ ቅባት ነው፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ አይደለም። ስንቁ በውስጡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ከእንግሊዝና ከጋምቢያ ታማሚዎች በተገኘ አክታ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ለስብ በሚሆን ማቅለሚያ አይቶ ነበር። ብዙዎቹ ውስጣቸው የስብ ነጠብጣብ ተገኝቶባቸዋል። ተመራማሪዎቹ «ወፍራምና ሰነፍ» አሏቸው፤ እንቅልፍ ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ባሕርይ አሳይተዋልና። ባክቴሪያው ኦክስጅን ሲያንሰው ትራይግሊሰራይድ መሥራት ያበዛል፣ መባዛቱን ያዘገያል። ለስቡም ከገዛ ስኳሩ ይልቅ የእኛን ሕዋስ ስብ መቀማት ይቀለዋል፤ በበሽታው የተጠቁ ማክሮፋጅ የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሶች ራሳቸው በስብ ተሞልተው አረፋ ይመስላሉ።

ከመድኃኒት ጋር ያለው ጉዳይ ደግሞ እኔን ያስፈራኛል። እንደ አይሶናያዚድ ያለው መድኃኒት አጥብቆ የሚገድለው የሚባዛውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሥራ ላይ ስብ የሚሠራበት ዋናው ጂን፣ ቲጂኤስ1፣ የተነቀለበት ባክቴሪያ በችግር ጊዜ ማደጉን ማቆም አቅቶት በመድኃኒት በቀላሉ ሲሞት ታይቷል። ስብ መሥራቱ ራሱ የእድገት ፍሬን ሆኖ ያገለግለዋል ማለት ነው። ታካሚዎች «ሳሌ ቆሟል፣ ደኅና ሆኛለሁ፣ ለምን ስድስት ወር ልዋጥ?» ሲሉኝ የማስበው ስለ እነዚህ አንቀላፊዎች ነው።

እርሾ ጠባቂ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

እህቴ፣ ይህን ያህል አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ለመምህር አንድ ነገር ልጨምር፦ የነቀርሳው ባክቴሪያና ዘመዶቹ ከባክቴሪያ መካከል ልዩ ናቸው። አብዛኛው ባክቴሪያ ትርፍ ካርቦኑን በዘይት መልክ አያስቀምጥም፤ ብዙዎቹ ፒኤችቢ የሚባል ፖሊስተር ይሠራሉ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1926 ባሲለስ ሜጋቴሪየም በተባለ ባክቴሪያ ውስጥ ያገኘው ሞሪስ ሌምዋኝ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ዛሬ ሰዎች የሚበሰብስ ፕላስቲክ ሊሠሩበት ይደክማሉ። ዘይት ከሚያስቀምጡት ጥቂቶች ግን ሮዶኮከስ ኦፓከስ ጉደኛ ነው። ፒዲ630 የተባለው ዝርያ የስኳር ዘመድ የሆነውን ግሉኮኔት በልቶ ከደረቅ ክብደቱ 76 ከመቶ የሚሆነው የስብ አሲድ ሆኖ እንደተገኘ እ.ኤ.አ. በ1996 ጀርመኖች ጽፈዋል። ሕዋስ ከምትሉት ዘይት የያዘ ከረጢት ብትሉት ይሻላል።

የዘይት መጭመቂያ ባለቤት — ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡05

ከትናንት ጀምሮ እያነበብሁ ነው። እኔ ባሕር ዳር ኑግና ሰሊጥ እጨምቃለሁ፤ ፍሬ ሲጠፋ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። አገራችን የምግብ ዘይቷን ብዙውን ከውጭ ታስገባለች፣ በዋናነት ፓልም። እርሾ ጠባቂ ወንድሜ እንደነገረን ይህ እርሾ የሚሰጠው ፓልም የሚመስል ዘይት ነው። ስኳር ፋብሪካዎቻችን ደግሞ ሞላሰስ አላቸው። እርሾ ዝናብ አይጠብቅ፣ መሬት አይፈልግ፣ በአምስት ቀን ይደርሳል። ታዲያ ምን እየጠበቅን ነው? ቀልድ አይደለም፤ የምር ነው የምጠይቀው።

እርሾ ጠባቂ — ረቡዕ፣ ቀትር 7፡10

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ብዙ አገር ጠይቋል። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከባሕር ስትታገድ ስብ ጠፍቶባት ኤንዶማይሲስ ቬርናሊስ የተባለ እርሾ አሳድጋ ስብ ልታወጣ ሞክራ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ነገሩም ቀዘቀዘ።

ሒሳቡን እንሥራው። ከ100 ግራም ግሉኮስ በወረቀት ላይ ቢበዛ 32 ግራም ያህል ስብ ይወጣል። በተግባር 20 ግራም ከደረሰ ጥሩ ነው፤ እርሾው ራሱም ይኖራል፣ ይተነፍሳል። እንግዲህ ለአንድ ኪሎ ዘይት አምስት ኪሎ ስኳር ማለት ነው። ሞላሰስ ግማሽ ያህሉ ስኳር ስለሆነ አሥር ኪሎ ሞላሰስ ገደማ። በዚህ ላይ አየር ቀንና ሌሊት እየነፋህ በጋኑ ውስጥ የሚሽከረከር መቅዘፊያ ታንቀሳቅሳለህ፣ መብራት ይጠጣል። ሲያልቅም ኑግ እንደምትጨምቀው አይደለም፤ የእርሾ ግድግዳ ጠንካራ ነው፣ ሰብረኸው ዘይቱን በኬሚካል ታወጣዋለህ። በአንጻሩ ያው ሞላሰስ በፊንጫና በመተሐራ አልኮል ሲወጣበት ነበር። ከ100 ግራም ግሉኮስ እስከ 51 ግራም አልኮል በወረቀት ይገኛል፣ ሥራውም ይቀላል። እርሾን ለተራ ምግብ ዘይት ማዋል ሥጋ ቤት ገብቶ ለውሻ ሥጋ እንደ መግዛት ነው።

ውድ ዘይት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። የሕፃናት ወተት ቆርቆሮ ላይ «ዲኤችኤ» የሚል አይተሃል? ይህ የኦሜጋ 3 ስብ ነው፤ አንዱ ምንጩ ክሪፕቴኮዲኒየም ኮህኒ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ የባሕር ፍጥረት ነው። ከዋቅላሚ (አልጌ) ወገን ይቆጠራል፤ ግን በጨለማ ጋን ውስጥ ስኳር እየበላ ያድጋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2001 ተቃውሞ የለኝም ብሎ አልፎታል። የዚህን ዘይት ዋጋና የፓልምን ዋጋ አታወዳድራቸውም። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1990 ሙኮር ከሚባለው ጋማ ሊኖሌኒክ የሚባል የስብ አሲድ የበዛበት ዘይት ተመርቶ ለገበያ ቀርቧል። የቦሬጅ ተክል ዘይት ሲረክስ ተዘጋ። ዋጋ ነው የገደለው፤ ባዮሎጂው አልከሸፈም።

ሐይቅ ዳር — ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡30

ማረሚያ፦ ሙኮር ሻጋታ ነው፣ ክር እየዘረጋ የሚያድግ። የውይይታችን ርዕስ ግን ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው።

እርሾ ጠባቂ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡41

ተቀብያለሁ። ሲቸኩሉ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሐይቅ ዳር — ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡00

አይዞህ፣ ሌላውን ሁሉ ወድጄዋለሁ። እኔ ቢሾፍቱ ነኝ፤ ስለ አረንጓዴው ሐይቃችን ሰው ሁሉ የሚያወራውን ስሰማ ኖሬ ዛሬ ልናገር።

አረንጓዴ ሐይቅ ስሙ እንደሚለው ነው። ውሃው ሶዳማ ስለሆነ ብዙ ነገር አይኖርበትም፤ አርትሮስፒራ፣ ማለትም በገበያ ስፒሩሊና የሚባለው፣ ብቻውን ነግሦበታል። ውሃውን በእፍኜ ሳነሣው አንዳንድ ቀን የጎመን ጭማቂ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ የታወቀ የሳይንስ ሥራ አረንጓዴና ጎረቤቱ ቂሎሌ በፀሐይ ብርሃን ምግብ በመሥራት ከዓለም ውሃዎች ጣሪያ ላይ ከደረሱት መካከል መሆናቸውን አሳይቷል። ቂሎሌ በኋላ የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ገብቶበት ጨዋማነቱን አጣ፣ ስፒሩሊናውም ሄደ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚስተው ነገር፦ «ይህ ሁሉ አረንጓዴ ካለ ዘይት ይወጣዋል» ይሉኛል። አይወጣውም። ስፒሩሊና የባክቴሪያ ወገን ነው፤ ትርፉን የሚያስቀምጠው በግላይኮጅን መልክ ነው፣ ያም የስታርች ዘመድ ነው። ስቡ ከደረቅ ክብደቱ ከ10 ከመቶ አያልፍም፤ ያውም አብዛኛው ብርሃን የሚቀበልበት የውስጥ ሽፋኑ ነው። ከ55 ከመቶ በላይ ፕሮቲን ነው። ፍላሚንጎዎቹ ለዚህ ነው የሚመጡለት። ዘይት የሚሠራ ዋቅላሚ ከፈለጋችሁ እንደ ናኖክሎሮፕሲስ ያለውን መፈለግ ነው፤ እርሱም ቢሆን ናይትሮጅን ካልነፈጋችሁት አይሰባም።

የዘይት መጭመቂያ ባለቤት — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡50

እንግዲያው ናኖ የተባለውን ኩሬ ቆፍረን ናይትሮጅን እንንፈገው። ፀሐይ በነጻ ነው፣ ስኳር አይገዛም። ሒሳቡ ተቀየረ አይደል?

ሐይቅ ዳር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡25

አሜሪካኖች ይህንኑ ብለው እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1996 ድረስ ሞክረውታል። ወደ 3,000 የሚሆኑ የዋቅላሚ ዝርያዎች ሰብስበው፣ መርጠው 300 ገደማ አስቀሩ። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሮዝዌል በተባለ ቦታ እያንዳንዱ አንድ ሺህ ካሬ ሜትር የሆነ ክፍት ኩሬ ሠርተው አሳደጉ። ሌሊቱ ይበርዳል፣ እድገቱ ይቀንሳል። የተመረጠው ዝርያ ቀርቶ ነፋስ ያመጣው ዝርያ ኩሬውን ይወርሰዋል፤ ስንዴ ዘርተህ እንክርዳድ ማጨድ።

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። ናይትሮጅን ስትነፍገው እያንዳንዱ ሕዋስ ይሰባል፤ ነገር ግን መባዛቱን ያቆማል። አንዱ ሕዋስ በእጥፍ ሲሰባ የሕዋሱ ቁጥር በእጥፍ ካነሰ ከኩሬው የወጣው ዘይት ያው ነው፣ አንዳንዴም ያንሳል። መቶኛው ያማረ ሪፖርት፣ በርሜሉ ባዶ። የስቡን የመጀመሪያ በር የሚከፍተውን ኢንዛይም ጂን ሳይክሎቴላ ከሚባል ዳያተም (የዋቅላሚ ዓይነት ነው) ወስደው እንዲበዛ አደረጉት። ኢንዛይሙ በዛ፣ ስቡ አልበዛም።

ወንድሜ፣ አንድ ነጋዴ በየሳምንቱ «የእኔ ዋቅላሚ 60 ከመቶ ዘይት ነው» ብሎ ቢመጣብህ «በስንት ቀን፣ በካሬ ሜትር ስንት ግራም?» በለው። ብዙዎቹ እዚያ ላይ ዝም ይላሉ።

የዘይት መጭመቂያ ባለቤት — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

እሺ። ኑጌን እጨምቃለሁ።

መምህሩ ከደብረ ብርሃን — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡20

ዛሬ ልጁ ፊት ቆምሁ፤ ስለ ነጠላዋ ስነግራቸው ሁሉም እናታቸውን ያስታወሱ ይመስል ፈገግ አሉ። ነገር ግን ማሳየት ፈለግሁ። ሮዝ እርሾ ከመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ አንሥቼ ላሳድግ አስቤ ነበር።

ስላይድ አንባቢዋ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡35

አይሞክሩት መምህር። ያልታወቀ ነገር በክፍል ውስጥ አይበዛም። ሮዶቶሩላ የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ ከጎኑ ምን አብሮ እንደሚበቅልም አያውቁም።

መምህሩ ከደብረ ብርሃን — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡50

ተውሁት እንጂ። ከሱቅ የገዛሁትን የዳቦ እርሾ በስኳር ውሃ አድርጌ ከማክሰኞ ጀምሮ አቆይቼ ነበር። ከቁም ሣጥኑ ጥግ አንድ የሱዳን ብላክ ዱቄት ብልቃጥ አገኘሁ፤ መለያ ወረቀቱ በግማሽ ተበልቷል፣ ከእኔ ዕድሜ አያንስም። በ70 ከመቶ አልኮል በጠበጥሁት፣ ስላይዱ ላይ አፈሰስሁት፣ አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ፣ ከዚያ በሳፍራኒን ትንሽ ቀላሁት። የመጀመሪያው ስላይድ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሆነ፤ ቀለሙን ሳላጣራ ነበርና ያየነው ዝቃጭ ነው። ሁለተኛውን በወረቀት አጣርቼ ስሠራው ግን ታየ። በሮዝ ሕዋስ ውስጥ ጥቁር ነጥብ፣ በአንዳንዱ ሁለት ሦስት። ከሰናፍጭ ፍሬ የባሰ ጥቃቅን ናቸው፤ ግን አሉ። ልጆቹ በወረፋ አዩ፣ አንዷ ሁለት ጊዜ ተሰልፋለች።

ያ ልጅ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሣ፣ «ናይትሮጅኑ ቢመለስለትስ ይከሳል?» አለኝ። ይኸው እንደገና መልስ አጣሁ።

እርሾ ጠባቂ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

ይከሳል፣ ያውም በሰዓታት ውስጥ። ያረጀው እርሾ ምግቡ የተሟላ አዲስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ስቡን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች፣ ቲጂኤል3 እና ቲጂኤል4 ይባላሉ፣ ሥራ ይጀምራሉ። የሚገርመው ቲጂኤል4ን የሚያነቃው ፕሮቲን ሕዋሱ እንዲከፈል የሚያዝዘው ራሱ ነው። እምቡጥ ሊያወጣ ሲነሣ ለልጁ ሽፋን የሚሆን ዕቃ ከጎተራው ይወጣለታል። እነዚህ ሁለት ኢንዛይሞች የሌሉት እርሾ አይሞትም፤ እምቡጡን ያዘገያል።

በክፍልም ማየት ትችላላችሁ። ካቆዩት እርሾ የላዩን ውሃ በጥንቃቄ ይድፉ፤ አዲስ የስኳር ውሃ ላይ ናይትሮጅን እንዲያገኝ የእርሾ ጭማቂ (ዪስት ኤክስትራክት የሚሉት) ወይም ትንሽ የሥጋ መረቅ ይጨምሩለትና በሞቀ ቦታ ያስቀምጡት። ከመጨመርዎ በፊት አንድ ስላይድ፣ ከዚያ በየሰዓቱ አንድ። ማቅለሚያውን በየጊዜው ያጣሩ። በእያንዳንዱ ስላይድ ላይ መቶ ሕዋስ ቆጥረው ጥቁር ነጥብ ያለበትን ለብቻ ይጻፉ፤ ቆጠራውን ለዚያ ልጅ ይስጡት። ውጤቱን እዚህ ለጥፉልኝ፤ እኔ በሮዶቶሩላ የማገኘውን ቁጥር ከጎኑ አስቀምጣለሁ።

መምህሩ ከደብረ ብርሃን — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡44

ነገ ዓርብ የጾም ቀን ነውና መረቁን ትቼ ከእርሾ ጭማቂው እጀምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ጠርቻቸዋለሁ።